መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በሚገኝበት ዋርድ ሕመምተኛን እንዴት እናስታምም?

በአገራችን ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። ከአልጋው አጠገብ እናት፣ ወንድም፣ ልጅ ወይም የሠፈር ሰው አለ፤ ይህ አስታማሚ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ፖፖ ያቀርባል፣ ያገላብጣል፣ ከውጭ ፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ ይጠራል። ስለዚህ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳይሻገር የሚደረገው ጥንቃቄ ለሐኪምና ለነርስ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ አስታማሚውም ምን ማድረግ እንዳለበትና ለምን እንደሚያደርገው በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በቀዶ ሕክምና ዋርድ በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንን በየአልጋው ሥር ቆሜ፣ ብዙ ጊዜም በጥድፊያ ስናገር ኖሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የለመደው ማን ነው?

«መድኃኒቱ አልሠራልኝም፤ ሰውነቴ ለመደው» ሲባል እንሰማለን። የሚላመደው ግን ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አንድ አንቲባዮቲክ በተሰጠ ቁጥር መድኃኒቱን መቋቋም የማይችሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ የሚችሉት ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ምግብና ቦታ የሚሻማቸው ስለማይኖርም በፍጥነት ይራባሉ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የመቋቋሚያው ዘረመል ከአንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ሌላው መተላለፍ መቻሉ ነው፤ ክሌብሲየላ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ የያዘውን መቋቋሚያ ኢ. ኮላይ ሊወስደው ይችላል። የሚላመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ከአንዱ ሕመምተኛ ጋር ይቀር ነበር፤ ባክቴሪያው በመሆኑ ግን ያንን መድኃኒት ቀምሶ ወደማያውቅ ሰው፣ ትናንት ወደተወለደ ሕፃን ጭምር ይሻገራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን በታች ከተወሰደ ባክቴሪያዎች ሊላመዱት እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። በሆስፒታል ውስጥ በብዛት የሚያስቸግሩት ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተር፣ ሲዩዶሞናስና ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የተላመደው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ናቸው። አስታማሚ እነዚህን ስሞች በቃሉ መያዝ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ሲያያቸው እንግዳ እንዳይሆኑበት ያህል ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል።

አንድ ልዩነት ግን በሚገባ መጨበጥ አለበት። ባክቴሪያውን መሸከም ሌላ ነው፣ በባክቴሪያው መታመም ሌላ ነው። አንድ ሰው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በአንጀቱ፣ በአፍንጫው ወይም በቆዳው ላይ ይዞ ምንም ሳይሰማው ለወራት ሊኖር ይችላል። ያው ባክቴሪያ ወደ ቀዶ ሕክምና ቁስል፣ ወደ ፊኛ፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ደም ሲገባ ነው ሕመም የሚሆነው። ሆስፒታል ደግሞ እነዚህ መግቢያዎች ሁሉ የተከፈቱበት ቦታ ነው፤ የተሰፋ ሆድ አለ፣ ግሉኮስና መድኃኒት እንዲሰጥበት በደም ሥር የገባ ካኑላ አለ፣ የሽንት ካቴተር አለ፣ የመተንፈሻ ቱቦ አለ። ጤነኛው አስታማሚ ምንም ሳይሆን የሚሸከመው ነገር ለሕመምተኛው ሞት ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እጅ

ከሁሉም በላይ ባክቴሪያውን የሚያጓጉዘው እጅ ነው። ኢግናዝ ሴሜልዋይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባስገደደ ጊዜ፣ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ ቀንሷል። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሁሉ ቢላመድ እንኳ ሳሙናንና አልኮልን አልፎ የሚሻገርበት መንገድ ጠባብ ነው።

እጅዎ ላይ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር በቂ ነው። መዳፍዎን የሚሞላ ያህል አድርገው ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ እስኪደርቅ ድረስ ያሹት፤ አውራ ጣትዎን፣ የጣቶችዎን ጫፍና በጣቶችዎ መካከል ያለውን ቦታ አይዝለሉ። እጅዎ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ወይም የቁስል ፈሳሽ ከነካው ግን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይታጠቡ። ሕመምተኛው ተቅማጥ ካለበትም እንዲሁ ሳሙናና ውሃ ይሁን፤ አንቲባዮቲክ በወሰዱ ሰዎች ላይ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ አልኮል የማይገድለው ስፖር፣ ማለትም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚቆይ ቅርጽ አለው፤ በማሸትና በውሃ ታጥቦ ነው የሚወርደው። የዋርዱ ቧንቧ ውሃ የማይመጣበት ቀን እንዳለ ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ከቤት ሲመጡ ክዳን ያለውና ከሥሩ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ ሳሙና እና ንጹሕ የእጅ ፎጣ ይዘው ይምጡ። ውሃ ከጆግ እየተቀዳ የሚፈስበት መታጠብም ይሠራል፤ የማይሠራው ብዙ ሰው እጁን የሚነክርበት ሳፋ ነው።

መቼ? ሕመምተኛውን ከመንካትዎ በፊትና ከነኩት በኋላ፤ ከማጉረስዎ በፊት፤ ፖፖ ካነሡ ወይም ልብስ ከቀየሩ በኋላ፤ ወደ ዋርዱ ሲገቡና ከዋርዱ ሲወጡ። ጉርሻን ለይቼ ማንሣት የምፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጀራ የምናጎርሰው እጃችን በቀጥታ ወደ ሕመምተኛው አፍ ይገባል፤ ያው እጅ ከደቂቃዎች በፊት የአልጋውን ብረት፣ ስልኩን፣ የሽንት ከረጢቱን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ጉርሻው አይቅር፣ አቅም ላጣ ሰው ከምግቡም በላይ የሚያበረታው የሚያጎርሰው እጅ ነውና፤ ነገር ግን ከጉርሻው በፊት እጅ ይታጠብ። ጠያቂዎችም ከአንድ ሳህን ከሕመምተኛው ጋር አይብሉ፤ አልጋው ላይም አይቀመጡ።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። ጓንት አጥልቆ ፖፖ ያነሣ ሰው በዚያው ጓንት ብርድ ልብስ ካስተካከለ፣ የጠበቀው ራሱን ብቻ ነው። ጓንት ለአንድ ሥራ ተደርጎ ወዲያው ይወልቃል፤ ከወለቀም በኋላ እጅ ይታጠባል።

አንድ ምሽት ያየሁትን እዚህ ላይ ልጨምር። አንጀቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አባቷን የምታስታምም አንዲት ወጣት ነበረች። የአባቷ ቁስል ይፈስ ስለነበር ከሥሩ የረጠበውን ጨርቅ አወጣች፣ አጣጥፋ በፌስታል ከተተች፣ ደረቁን አነጠፈችለት። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ እግሩ ተሰብሮ በብረት የተያዘ፣ ከገጠር የመጣና አስታማሚ የሌለው አዛውንት ተኝቶ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ውሃ» አላት። ወዲያው ሄዳ አንገቱን ደግፋ አጠጣችው፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፣ ከእግሩ ላይ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ ብረቱ በገባበት ቁስል ላይ አለበሰችው። አዛውንቱ መረቃት። ከአልጋው እስከ አልጋው ሦስት እርምጃ ነው፤ በሦስቱ እርምጃ መካከል ግን እጇ ውሃ አልነካም። ከቀናት በኋላ የሁለቱም የቁስል ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒቶችን የተላመደ አሲኔቶባክተር አሳየ። በማን እጅ እንደተሻገረ ማንም ሊናገር አይችልም፤ በዚያ ሌሊት ሁለቱንም አልጋዎች የነካሁ እኔም ነበርኩ። ለልጅቷ የነገርኳት ደግነቷን እንድትተው አይደለም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ሳኒታይዘር አሰርንና፣ ከአባቷ ወደ አዛውንቱ ስትሄድም ስትመለስም እጇን እንድታሽ ተስማማን፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። የጎረቤት አልጋን መርዳት ወጋችን ነው፤ እጅን አጽድቶ መርዳትም የዚያው ወግ አካል እንዲሆን እመኛለሁ።

ካቴተር፣ ካኑላና ቁስል

በተለምዶ የሽንት ጎማ የሚባለው ካቴተር በገባ ቁጥር የባክቴሪያው መንገድ ክፍት ነው፤ በቆየ ቁጥርም ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የአስታማሚው የመጀመሪያ ሥራ ሐኪሞች በየጠዋቱ አልጋ ለአልጋ በሚዞሩበት ራውንድ ላይ «ይህ ጎማ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ብዙ ሐኪሞች ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ተረስቶ የቆየ ጎማም ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ይወጣል። ካቴተሩ እስካለ ድረስ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። ሕመምተኛው ለምርመራ በወንበር ሲወሰድ ከረጢቱን ሆዱ ላይ የማስቀመጥ ልማድ አለ፤ በዚያን ጊዜ በቱቦው ውስጥ ያለው ሽንት ወደ ፊኛው ይመለሳል። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ በፊት ይደፋ፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱ መድፊያ ዕቃ ይኑረው፤ ቱቦውን ከከረጢቱ መለያየት ግን የአስታማሚ ሥራ አይደለም።

ካኑላ የገባበትን ቦታ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልከቱ። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ ሕመም ወይም መግል ካዩ ለነርስ ወዲያው ይንገሩ፤ «ሌላ ደም ሥር ለማግኘት አስቸግሮ ነበርና ይቆይ» ማለት ሕመምተኛውን ይጎዳል። ጸበል የሚያመጡ ቤተሰቦች ካኑላውንና የቁስሉን ፋሻ እንዳያረጥቡ አደራ እላለሁ፤ የረጠበ ፋሻ ባክቴሪያን ወደ ውስጥ ያስገባልና፣ ከረጠበም ነርስ ይቀይረው። ቁስሉን ለማየት ብሎ ፋሻ መግለጥ አይገባም። ከቀዶ ሕክምና በፊትም በቤት ውስጥ የሚሠፋውን ቦታ በምላጭ አይላጩ፤ ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ትቶ ይሄዳልና፣ ፀጉሩ መነሣት ካለበት ባለሙያዎቹ በመቁረጫ ያነሡታል።

መነሣት የማይችለውን ሕመምተኛ አፉን በየቀኑ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱለት፤ ሐኪም ካልከለከለ በስተቀርም ራሱን ቀና አድርጎ ይተኛ። ይህ የሳንባ ምችን ይቀንሳል።

አልጋው ዙሪያ

አሲኔቶባክተር በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የአልጋ ብረት፣ ኮመዲኖ፣ የመብራት ማብሪያ፣ ስልክና የስልክ ቻርጀር ሁሉም እጅ የሚያርፍባቸው ናቸው። ጽዳት ሠራተኞቹ ወለሉን ሲያጥቡ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይቀራሉ፤ አስታማሚው ነርሷን አስፈቅዶ የሕመምተኛውን ብረትና ኮመዲኖ በየቀኑ ቢጠርግ ትልቅ እገዛ ነው። በመጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይጠረግ፤ ቆሻሻ ባለበት በረኪና ኃይሉን ያጣልና። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ክሎሪን የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅሎ 0.5 በመቶ ማድረግ፣ በዚያ ጠርጎ 10 ደቂቃ ያህል ረጥቦ እንዲቆይ መተው ነው። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ ሰውነትና ቁስል ላይም አይደረግ። ስልክዎን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። ሌሊት ወለል ላይ ያነጠፉትን ጋቢ ጠዋት ሕመምተኛው ላይ አያልብሱት፤ ለእርሱ የተለየ ይኑረው።

ካልቸርና መድኃኒት

ሕመምተኛው ትኩሳት ሲይዘው ቤተሰብ የሚጠይቀው «ጠንከር ያለ መርፌ» ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ካልቸር ተወስዷል?» የሚለው ነው። የካልቸር ናሙና፣ ደምም ሆነ ሽንት ወይም የቁስል ፈሳሽ፣ በተቻለ መጠን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰዳል፤ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። ውጤቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ሕመምተኛው በጣም ከታመመ ግን ናሙናው እንደተወሰደ መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል እንጂ ውጤት አይጠበቅም፤ ደም የመረዘ ኢንፌክሽን ሰዓት አይሰጥም። በካልቸር ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ መድኃኒት ስም ፊት አንድ ፊደል ይጻፋል፤ «ኤስ» (S) መድኃኒቱ እንደሚሠራ፣ «አር» (R) ባክቴሪያው እንደተላመደው ያሳያል። ውጤቱ ሲመጣ ተረኛ ሐኪሙ እንዳየው ያረጋግጡ፤ ወረቀቱ ከላቦራቶሪ ሳይወጣ ሁለት ቀን የሚያድርበት ጊዜ አለና፣ ሄዶ ማምጣቱም የአስታማሚ ውለታ ነው።

ውጤቱ ታይቶ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጥቂት የባክቴሪያ ዓይነቶችን ብቻ ወደሚመታ ወይም ወደ ክኒን ቢለውጠው ሕክምናው አነሰ ብለው አይዘኑ። በአገራችን መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚል እምነት ሥር ሰድዷል፤ ትክክለኛው ክኒን ግን ከተሳሳተው መርፌ ይሻላል፣ ካኑላውንም ያስወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል፤ በዋርዶቻችን እጅግ የተለመደው ሴፍትሪአክሶን በቀዳሚነት የሚታዘዝ ሳይሆን በጥንቃቄ ሊታዘዝ በሚገባው ምድብ ውስጥ ነው፤ ሜሮፔነምም እዚያው ሲሆን፣ ኮሊስቲን ደግሞ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል በመጨረሻ የሚነካ ነው። እነዚህን ጠይቆ ማሳዘዝ ለነገው ሕመም የሚቀመጠውን ዛሬ መጨረስ ነው። ካልቸሩ ባክቴሪያ ቢያሳይም ሕመምተኛው የሕመም ምልክት ከሌለው፣ ለምሳሌ ሽንቱ ውስጥ ብቻ ተገኝቶ ትኩሳትም ማቃጠልም ከሌለ፣ እርጉዝ ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ከሌለ በስተቀር ብዙውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም።

መድኃኒቱን ከውጭ የሚገዙ ከሆነ የመጠኑን ቁጥር ከማዘዣው ጋር ያስተያዩ። ማዘዣው ላይ ያለው ከጠፋ ፋርማሲው የሚሰጥዎትን ተመሳሳይ ይዘው ከመምጣትዎ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉ ወይም ይመለሱ። ሙሉውን ለመግዛት ገንዘብ ካነሰ ደግሞ ይህን ሳያፍሩ ይናገሩ። ግማሹን ገዝቶ ዝም ከማለት ሐኪሙ ሌላ የሚሠራ መድኃኒት ቢፈልግ፣ የሆስፒታሉም ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሞከር ይሻላል። በየ8 ሰዓቱ የታዘዘ መርፌ ሌሊት ከተዘለለ ባክቴሪያው በመካከል ያንሰራራልና ሰዓቱን በወረቀት ይጻፉ፣ ካለፈም ነርስ ያስታውሱ።

«መድኃኒት የማይበግረው ነው» ሲባሉ

ይህን ቃል የሰማ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ያፍራል። ነውር የለውም፤ የሕመምተኛው ጥፋትም አይደለም። ሕመምተኛው ወደ ተለየ ክፍል ወይም ጥግ ሊዛወር፣ የሚገቡት ሁሉ ጓንትና ጋዎን ሊለብሱ ይችላሉ። ይህ ከሰው መለየቱ ያማልና ከእርሱ ጋር ማውራት፣ እጁን መያዝ አይቅር፤ በፊትና በኋላ እጅ መታጠብ፣ ከታዘዘም ጓንትና ጋዎን መልበስ ነው የሚጠበቀው። ጠያቂው ይቀንስ፣ ቁስል ያለበት ወይም ጨቅላ ሕፃን የያዘ ጠያቂ ይቅር፣ ከእርሱ ክፍል የወጣ ሰው ሌላ ሕመምተኛ ለመጠየቅ በዚያው አይለፍ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለ የካልቸሩ ውጤት ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይያያዝ፤ ተቀባዩ ሐኪም ባክቴሪያው የተላመዳቸውን መድኃኒቶች ድጋሚ እንዳይሞክር፣ አዲሱ ዋርድም ከመጀመሪያው ሰዓት እንዲጠነቀቅ።

ጨቅላ ሕፃን ያላት እናት ከሆነች ደግሞ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ሕፃኑን በደረቷ ላይ ከቆዳ ለቆዳ ማቀፍና የእናት ጡት መስጠት ከጥበቃዎች ሁሉ የበለጡ ናቸው። ሕፃኑን ዘመድ ሁሉ እየተቀባበለ አይሳመው።

ቤት ሲገባ

ከሆስፒታል የወጣ ሰው ባክቴሪያውን ለወራት ሊሸከም ይችላል፤ ጤነኛ ቤተሰብ ግን እንደወትሮው አብሮት ይኖራል። ልጆች ይቀፉት፣ ሳህኑ በተለመደው ሳሙና ይታጠብ። የተለየ የሚሆነው ፎጣው፣ ምላጩና የጥርስ ብሩሹ ነው፤ በቁስል ፈሳሽ የቆሸሸ ልብስም ለብቻው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የተሰጠውን መድኃኒት በታዘዘው ቀን ልክ ይጨርስ፤ የተረፈ ካለ ለጎረቤት አይሰጥ፣ ለሌላ ጊዜም አይቀመጥ። ጉንፋን ሲይዘው አሞክሳሲሊን ፍለጋ ወደ ፋርማሲ አይሂድ፤ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ያለ ማዘዣ መሸጡም የተከለከለ ነው። የካልቸር ወረቀቱን ከካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውም ጤና ተቋም ሲሄድ መጀመሪያ የሚያሳየው ይህንን ይሁን።

ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ቢከፈት፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ፤ ሽንት ቢያቃጥል ወይም ቢቀንስ፤ ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ሕመምተኛው መዘባረቅ ቢጀምር፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወረቀቱን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።